ስሙን ይዤ ወደ ነፋስ ስልክ

አዲስ አበባ ሄጄ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጎባ ውስጥ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ምን አየሽ?» ይለኛል። «ምንም» ብል ኩራት ይመስላል፤ ለእያንዳንዱ ቆሜ እንዳወራ ደግሞ ጉልበቴ አይችልም። ስለዚህ ቀስ እያልኩ በደብተር እጽፈዋለሁ፤ የፈለገ ተቀባብሎ ያንብበው። አብዛኞቻችሁ እዚያ የመሄድ ዕድል አይገጥማችሁም። አይቆጫችሁ።

የሄድኩበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። ባለቤቴ ታደሰ፣ እናንተ «ፊታውራሪ» የምትሉት፣ የዛሬ ዓመት ጥር ላይ አዲስ አበባ፣ ነፋስ ስልክ በሚባል ሰፈር፣ በሰው ቤት ሞተ። ቴሌግራሙ እጄ ሲገባ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ የድሮው የኪነት ቡድን ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ደብዳቤ ጻፈልኝ። «ለነፍሰ ኃይለ ሚካኤል ጸሎቱ በደመቀ ሁኔታ ተከናውኗል» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የባሌ የክርስትና ስም ኃይለ ሚካኤል አይደለም። ኃይለ ሚካኤል ቲያትር ላይ ይጫወተው የነበረው ሰውዬ የክርስትና ስም ነው።

ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት። «ምንም አይደለም እህቴ፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብሎ መለሰ። እዚህ ጎባ በትክክለኛ ስሙ አስጸልዬለታለሁ፤ ሥጋው ያለው ግን እዚያ ነው፤ በራስጌው የሚጠራው ደግሞ ከእናት ያልተወለደ ሰው ስም ነው። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ይህ ነገር እንዳይደገም ራሴ መሄድ እንዳለብኝ ገባኝ። አንድ እንስራ ቅቤ፣ አንድ ማሰሮ ማርና ያንን ስም ይዤ ተነሣሁ።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። እኔ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ከጎኔ የመሥሪያ ቤት ፋይል ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንደ ሕፃን ያቀፈ ሰው ነበር። ቅቤውን እግሬ ሥር አደረግሁት።

ይህ መንገድ የባሌ መንገድ ነው። የአውራጃው ኪነት በጭነት መኪና ተጭኖ የሚዞረው በዚሁ ነበር። ታደሰ የእርሻ ቢሮ ጸሐፊ ነበር። ኪነቱ ሲቋቋም ድምፁ ወፍራም፣ ሆዱም ገፋ ያለ ሆኖ ስለተገኘ የባላባቱን ቦታ ሰጡት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቦታ ሰጥተውት አያውቁም። አሥራ አንድ ዓመት ያንኑ አንድ ፊታውራሪ ሆነ። ጭሰኛ ይገርፋል፣ በመጨረሻ ታሞ ይጸጸታል፣ ይሞታል። ቤት ውስጥ ልምምዱን የሚያደርገው በዶሮዎቼ ላይ ነበር። «ማነህ አንተ ጭሰኛ!» ሲል ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል አቆሙ።

የቲያትሩን ጽሑፍ ለተዋንያኑ በእጄ እየገለበጥኩ የማባዛው እኔ ነበርኩ፤ የቢሮው የጽሕፈት መኪና ከሚሠራበት የሚበላሽበት ቀን ይበልጥ ነበርና። ስለዚህ መጨረሻውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ፊታውራሪው አልጋ ላይ ሲያጣጥር ቄሱ የክርስትና ስሙን ይጠይቁታል። እሱ «ሚስቴ ታውቀዋለች፤ ጥሯት» ይላል። ሚስቱ እየሮጠች ገብታ «ኃይለ ሚካኤል!» ብላ ትጮኻለች። ይሞታል። መጋረጃው ይዘጋል። ሚስቱን የምትጫወተው ብርቄ የምትባል ከሮቤ የመጣች ልጅ ነበረች። ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች፤ ጩኸቷ ግን ከእኔ ይበልጣል።

አዳባ ስንደርስ የሞተሩ ቺንጋ ተበጠሰ። ሾፌሩ ሌላ ቺንጋ ፍለጋ በሰው መኪና ሄዶ ግማሽ ቀን ቀረ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት በረንዳዋ ላይ አስቀመጠችኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠይቃ ጎባ ስላት ፊቷ ተለወጠ።

«ጎባ? የዚያ የፊታውራሪ አገር? እዚህ መጥቶ እዚያ ሜዳ ላይ አንዱን ምስኪን ሲገርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እስካሁን ባገኘው አልምረውም።»

«ሞቷል» አልኳት።

«እሰይ!»

«ባሌ ነበር።»

ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ትኩስ ወተት በትልቅ ጣሳ አመጣችልኝ፣ ቆሎም በመሐረቤ ቋጠረችልኝ። ሒሳብ ልስጥ ብል ተቆጣች። ስንሳፈር ግን በመስኮቱ ብቅ ብላ «እውነት ግን ለምን ገረፈው?» አለችኝ። ዶዶላ ላይ በድንጋይ ግንባሩን በፈነከቱት ጊዜ ታደሰ ቁስሉን እያሳየኝ «አምነውኛል!» ብሎ ነበር፤ ያኔ በደስታ ያበደ መስሎኝ ነበር። እኔ ደም ሳጥብ እሱ በመስታወት ራሱን ያያል።

ሻሸመኔ ላይ ለማደር ተገደድን። ስለ ሆቴሉ የምለው ትንሽ ነው፤ አልጋው ሦስት እግር ነበረው፣ አራተኛው ጡብ ነው። ባለቤቱ «ንጹሕ ነው፣ ትናንት ነው የታጠበው» አለኝ። ትናንት የታጠበው ጡቡ ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ

ከሻሸመኔ ወዲያ አገሩ ቆላ ነው። ጎባ ቅቤ ለመቁረጥ ቢላ ማሞቅ አለብን፤ ይህን ያሰብኩት ዝዋይ ደርሰን ከእግሬ ሥር ሽታው ሲነሣ ነው። እንስራው ልብሴን፣ ወለሉን፣ ከዚያም ፋይሉን ለጥቂት ደቂቃ መሬት ያስቀመጠውን የጎረቤቴን ወረቀት ሁሉ አጠጣው። ሰውዬው አንድ ወረቀት ወደ ብርሃን አነሣ፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ሐይቅ ይታይበታል።

«እናቴ፣ ይህ የሦስት ዓመት አቤቱታዬ ነው» አለኝ።

«እንግዲህ ቢያንስ ይለሰልሳል» አልኩት። ሳይወድ ሳቀ፤ ከዚያም የቀረውን ቅቤ በላስቲክ አጥብቆ አሰረልኝ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ውስጥ እንደተቀመጥን ሆነን ሄድን።

አዲስ አበባ የምትጀምረው ሳታስታውቅ ነው። መጀመሪያ ፋብሪካ፣ ከዚያ አጥር፣ ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ ደግሞ ፋብሪካ። ቃሊቲን አልፈን ሳሪስ ስንደርስ ጎረቤቴን ነፋስ ስልክ የት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ይኸውልዎት፣ እየገባንበት ነው» አለኝ። ተነሥቼ ለረዳቱ አውርደኝ አልኩት።

«አይቻልም እማማ፣ መውረጃው መርካቶ ነው።»

«ቤቱ እኮ እዚሁ ነው!»

«ሻንጣዎ ጣራ ላይ ነው። ከፈለጉ እርስዎ ይውረዱ፣ ሻንጣዎ መርካቶ ይጠብቅዎት።»

አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። የባሌን ሰፈር በመስኮት እያየሁ አለፍኩት፤ የምሄድበት ቦታ ወደ ኋላ ሲሸሽ አየሁ። መርካቶ ወርጄ በሁለት ታክሲ ተመልሼ ያንኑ መንገድ መጣሁ። ጎባ ቢሆን ሾፌሩ ደጅሽ ድረስ አድርሶ እናትሽንም ሰላም ይል ነበር።

የሰፈሩ ስም ከየት እንደመጣ ታክሲ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነገሩኝ። ድሮ ያለ ሽቦ በነፋስ መልእክት የሚያስተላልፍ ጣቢያ ነበረበት አሉ። አሁን ነፋሱ ብቻ ነው የቀረው። የታደሰ ስም የጠፋው በሽቦ እጦት መሆኑ ነው አልኩ በሆዴ።

ታደሰ የሞተበት ቤት የብርቄ ቤት ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ አጥር ኋላ፣ በጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ትኖራለች። ወፍራለች። በሩን ከፍታ ስታየኝ «እትዬ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ቅቤ የጠጣውን ልብሴን አልተጸየፈችም። እኔ ክንዶቼን አላነሣሁም።

መጀመሪያ ያየሁት የስፌት መኪናዋን ነው። የተሸፈነው በፊታውራሪው ካባ ነበር። ያ ጥቁር ከፋይ፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ክር ያለው፣ የመጋረጃ ትርፍ ቆርጬ የሰፋሁለት ካባ። ኪነቱ ሲበተን የቀረውን ልብስ ሁሉ በቀበሌው መጋዘን አይጥ በልቶታል። ይህን ግን እሱ ለብሶት ነበር ወደ አዲስ አበባ የሄደው። ትልቁ ቲያትር ቤት ሊፈተን። የፈተኑት ሰዎች «ድምፅዎን ይቀንሱ፣ ማይክራፎን አለ» አሉት። ለአሥራ አንድ ዓመት በሜዳ ላይ ለከብትና ለነፋስ የጮኸ ሰው ድምፁን መቀነስ ከየት ያምጣው? ሌላ ዕድል ስጡኝ እያለ ሦስት ዓመት ደጅ ጠና። ለእኔ «ሊወስኑ ነው» እያለ ይጽፋል። ከዚያ ጉበቱ ታመመ።

ብርቄ ውኃ አሙቃ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። ተይ ብላትም አልሰማችኝም። ያበጠውን እግሬን በሳፋ ውስጥ እያሸች አጠበችኝ። እሷ አሁን ጴንጤ ሆናለች፣ ጾም አታውቅም፤ ቢሆንም ዓርብ መሆኑን አስባ ቅቤ የሌለው ሽሮ ሠርታልኛለች። ከመብላታችን በፊት ዓይኗን ጨፍና ጸለየች፤ ለእኔ፣ ለሾፌሩ፣ ለአገሩ፣ ለመንግሥት እየጸለየች ወጡ ቀዘቀዘ። ለአዳባ ሻይ ሻጭ ያልጸለየችው ስላላወቀቻት ነው።

ስተኛ የሰጠችኝ አልጋ እሱ የሞተበት ነው። አልነገረችኝም፤ በግድግዳው ላይ፣ ከትራሱ አጠገብ፣ በእርሳስ የተጻፉ የቲያትሩን ቃላት አየሁ። የእሱ እጅ ነው። ፊደሉ ያረጀ ነው። ስሙ እንዳይረሳ አልጻፈም፤ የፊታውራሪውን ቃል እንዳይረሳ ጻፈ። ተዋናይ ይህ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ጋሽ ደምሴን ፍለጋ ጎፋ ሄድን። ታክሲው ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ ፌርማታ ይላል፣ አንዱ ‹ወራጅ አለ!› ብሎ ይጮኻል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በወዲያ በኩል፣ ወደ ለቡ፣ ሜዳው ገና እርሻ ነው፤ ነዶ ተከምሮ አየሁ። ዓይኔ ያረፈው እዚያ ብቻ ነው። እርሻው መሐል ግን ድንጋይ መቆለል ጀምረዋል። ቤት ሊሠሩበት ነው አለችኝ ብርቄ። ይሠሩበት፤ ለጤፍ አይራሩም።

የአውራጃው ኪነት ኃላፊ፣ ስለ ጥበብና ስለ ጭቁን ሕዝብ ሁለት ሰዓት ሳይቆም ይናገር የነበረው ጋሽ ደምሴ፣ አሁን ቪዲዮ ቤት አለው። በአንሶላ በጨለመ ክፍል የህንድ ፊልም ያሳያል። ውጭ ወንበር አውጥቶልን ስለ ታደሰ ያዘጋጀውን ወረቀት ሰጠኝ። «የክፍለ ሀገሩ ታላቅ ተዋናይ ኃይለ ሚካኤል ታደሰ» ይላል። ፎቶው ሰው ሠራሽ ጺም ያጠለቀበት ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልህ።»

«ደርሶኛል እህቴ። ግን እኮ ሕዝቡ የሚያውቀው በዚህ ነው።»

«ጸሎት የሚደረገው ለሕዝቡ ነው?»

«እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«ካወቀ ለቄሱ ስም የምትሰጡት ለምንድን ነው? ዝም ብላችሁ ‹ያ ወፍራሙ› አትሉም?»

ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ነገ መቃብሩ ላይ ያሰበውን በኩራት ነገረኝ። የመጨረሻውን ትዕይንት ሊያቀርቡ ነው። እሱ ራሱ ፊታውራሪውን ይሆናል፤ ‹ሚስቴ ታውቀዋለች፤ ጥሯት› ሲል ብርቄ ትገባለች። «ሰው ያለቅሳል» አለኝ። ብርቄን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። «አልገባም አልኩህ እኮ፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «አንዴ ነው! ለጓዳችን!» አላት። ከውስጥ ህንዶቹ ይዘፍናሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ብርቄ ፊት ፊቴን ሄደች። ገብታ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ ካባውን አጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች። መርገጫውን ሳትረግጥ እግሯን አስቀመጠችበት።

«እትዬ፣ ስሙን ለቄሱ የሰጠው ደምሴ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«የዚያን ዕለት ጎረቤቶች ቄስ ጠሩለት። አባ ገቡና ‹የክርስትና ስምህ ማነው ልጄ?› አሉት። ድምፅ አልነበረውም። ‹ሚስቴ ታውቀዋለች፤ ጥሯት› አለ።» ብርቄ ካባውን ጨበጠች። «እኔ በሩ ላይ ውኃ ይዤ ቆሜ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ቃል ስሰማ እገባለሁ። እግሬ ራሱ ሄደ። አፌ ራሱ አለው። ‹ኃይለ ሚካኤል› አልኩ።»

«እሱስ?»

«አየኝ። እንደ መሳቅ አለ። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ‹ጥሯት› አለ ደግሞ። ያው ልምምድ ላይ ደምሴ ሁልጊዜ ‹ድገሙ፣ አልተሰማም› ይለን የለ? እኔ ጮክ ብዬ ደገምኩት።» እንባዋ ካባው ላይ ይወርዳል። «ሦስተኛ አላለም። አባ ጻፉ። ከተቀበረ በኋላ ነው ማታ ማታ እየመጣብኝ የገባኝ። እትዬ፣ እሱ አንቺን ነበር የጠራው።»

ልመታት እንደምችል አስቤ ነበር የመጣሁት፤ ይህን አልደብቅም። በሆዴ የያዝኩት ስድብ ከቅቤው ይከብድ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በመድረክ ‹ባሌ› ስትለው ከፊት ወንበር ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብላት እኔም አጨብጭቤያለሁ። ያን ሁሉ ላወርድባት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ውኃውን ጠጣ?»

«ትንሽ ጠጣ፤ ከእጄ።»

«እሺ» አልኳት። ካባውን ከጭኗ ወስጄ እንደገና መኪናው ላይ አለበስኩት።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ግቢ ነው፤ ጽዶቹ እንደ እኛ አገር ጽድ አይሸቱም፣ አቧራ ይሸታሉ። መቃብሩን ያየሁት ያኔ ነው። ሰባት ድንጋይና አንድ የእንጨት መስቀል። በዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም። ተንበርክኬ አፈሩን ነካሁት፤ እንደ ጎባ አፈር ጥቁር አይደለም።

የድሮ ኪነት አባላትና ጎረቤቶች መጥተው ነበር፤ ጥቂቶቹ ፊልሙ ሲያልቅ ከቪዲዮ ቤቱ የተከተሉ ይመስላሉ። ብርቄ ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብታ ከጽዱ ሥር ቆማለች፤ እንደ ሌባ። አንድ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸውም የከበደ አባ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። ነገር ግን መጽሐፉን ሳይገልጡ ደምሴ ወደ ፊት ወጣ። ነጠላውን እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጣለ፣ መስቀሉን ተደግፎ አጣጣረ። መሳል አያውቅም፤ ታደሰ ሲያጣጥር ዶሮ እንኳ ያዝን ነበር።

«የክርስትና... ስሜን... ሚስቴ ታውቀዋለች» አለ። እጁን ዘረጋ። «ጥሯት!»

ሰው ሁሉ ወደ ብርቄ ዞረ። ብርቄ አልተንቀሳቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እኔን አየችኝ።

«ጥሯት!» አለ ደምሴ እንደገና፣ ከፍ አድርጎ። የረሳች መስሎት ደግሞ በጥርሱ መሐል «ኃይለ ሚካኤል በይ እንጂ!» ይላታል፤ ግቢው በሙሉ ይሰማዋል።

«እትዬ» አለች ብርቄ ብቻ። «ይጠሩሻል እኮ።»

ተነሣሁ። እግሬ ራሱ አልሄደም፤ እኔ ነኝ የሄድኩት። አባ አጠገብ ደረስኩና «ሚስቱ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አባ መዝገባቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «እዚህ ኃይለ ሚካኤል ይላል ልጄ።»

«እሱ ሌላ ሰው ነው አባቴ። ቲያትር ላይ የሞተ ፊታውራሪ ነው።»

«ሞቷል አይደል?»

«ሞቷል። ከመቶ ጊዜ በላይ ሞቷል።»

አባ አሰቡ። «ዓመት ሙሉ የጸለይነው ለሱ ነው?»

«ለሱ ነው።»

«እንግዲህ አይጎዳውም» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የለም። «ጭሰኛ የገረፈ ከሆነ ሳያስፈልገው አይቀርም። አልሰርዘውም። ከሥሩ እጽፋለሁ። የባልሽን ስም ንገሪኝ።»

ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው።

«አልሰማሁም» አሉ። «ድገሚው።»

ደገምኩት። ጮክ ብዬ። ዕድሜዬን ሙሉ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ቃል ያልወጣኝ ሴት፣ ያ ግቢ እስኪሰማ ጮኽኩ፤ ወደ ፋብሪካው በኩል የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ አየ። አባ ጻፉ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ አጠገባቸው ቆምኩ። በጸሎቱም በዚያ ስም ጠሩት። ደምሴ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ እንደ ሰው ለበሰው። እዚያ የነበረ ሁሉ ስሙን ሰምቶታል። እናንተ ግን አልነበራችሁም፤ እዚህ ደብተር ላይ አልጽፈውም። ጺሙን፣ ሆዱን፣ ሳሉን፣ ሞቱን እንኳ ሳይቀር ለተመልካች ሰጥቷል። ይህ ይበቃዋል፤ ይበቃችኋልም።

ሰኞ

ብርቄ እስከ መርካቶ አብራኝ መጣች። ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ከተረፈው ቅቤ ገብቶበታል። ካባውን ልትሰጠኝ አወጣች፤ «መኪናሽን አቧራ ይበላዋል፣ አስቀምጪው» አልኳት። ከአውቶቡሱ ውጭ ቆማ ዓይኗን ጨፍና ለሾፌሩ ትጸልይ ነበር፤ ስንነሣ አላየችንም።

በነፋስ ስልክ ስናልፍ የፋብሪካው አጥር ታየኝ፤ መተላለፊያው አልታየኝም። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ከጥቁር ልብሴ ወደ ዳቦው ተመለከቱ። ቆረስኩላቸው።

«ለምን ጉዳይ መጥተው ነበር?» አሉኝ እያላመጡ።

«ባለቤቴ አስጠርቶኝ ነበር» አልኳቸው። «መልእክቱ ዓመት ዘግይቶ ደረሰኝ።»